ቤቱ አልተቃጠለም

ባለፈው ሳምንት ለሥዕል ተማሪዎች ስለ ሥራህ ንገራቸው ተብዬ ሄጄ ነበር። ለልጆች መጽሐፍ ስሥል 40 ዓመት አልፎኛል፤ ንግግር ላይ ግን የለሁበትም። ስለዚህ ጥቂት ብሩሽ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ወረቀትና የድሮ መጻሕፍቴን በፌስታል ይዤ ሄድኩና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ወረቀት አወራሁ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝ። ልንጨርስ ስንል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። የምሠራው ቤት ነው፣ በታብሌት። እርስዎ ልጅ እየተንጫጫብዎት እንዴት ነበር የሚሠሩት?"

"በሬን ቆልፌ ነዋ" አልኳት። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ተጨብጭቦ ተበተንን።

ውሸቴን ነው። የሚቆለፍ በር አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ስለዚህ ያን ቀን ያልመለስኩላትን ልመልስላት ነው ይሄን የምጽፈው፤ እግረ መንገዴን ሌሎቻችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ስድስት ኪሎ አካባቢ በቀበሌ ቤት ነው። አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ይበላል፣ ባለቤቴ የተማሪዎቿን ደብተር ታርምበታለች፣ ልጃችን የቤት ሥራዋን ትሠራበታለች፣ ሁሉም ሲጨርስ የኔ ስቱዲዮ ይሆናል። ከታተሙት ሥዕሎቼ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ላይ ሽሮ አለ። የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም። አንዱን መሬት አድርጌዋለሁ፤ ቀለሙ ልክ ነበር።

መብራት ሲጠፋ በፋኖስ እሠራለሁ። በፋኖስ ደግሞ ፈዛዛ ቢጫና ነጭ አይለዩም። አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ስሥል አድሬ ጠዋት መስኮቱን ስከፍተው ሽማግሌው የሎሚ ቀለም ጋቢ ለብሰው ቁጭ ብለዋል። ባለቤቴ እስካሁን ታስቅብኛለች። ክረምት ሲሆን ደግሞ ውሃ ቀለም አይደርቅም። ከሰል አቀጣጥዬ ወረቀቱን ከላይ በሁለት እጄ ዘርግቼ እይዛለሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። ፍንጣሪ ካረፈበት ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ላይ ወፍ ይሣላል። በዚያ ዘመን በሠራኋቸው ሰማዮች ላይ ወፍ የበዛው ለዚህ ነው።

ሌሊት ሌሊት የአንበሳ ግቢ አንበሶች ሲያገሱ ቤታችን ድረስ ይሰማል። እሑድ እሑድ ልጄን ይዤ እሄድና እሥላቸዋለሁ። ጎፈራቸው ወደ ጥቁርነት የሚሄድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው የምናገኛቸው፤ ስለዚህ የተኛ አንበሳ ማንም አይበልጠኝም። የቆመ አንበሳ እስካሁን ያስቸግረኛል። ልጄ ከኔ ጋር በራሷ ደብተር ትሥላለች። የሷ አንበሶች ሁሉ ይስቃሉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። 1987 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። የአንዲት አሮጊትና የጅብ ተረት እንድሥል ተሰጠኝ። እስከዚያ ድረስ የሠራኋቸው መጻሕፍት ሽፋናቸው ብቻ ነበር ባለ ቀለም፤ ውስጣቸው ጥቁርና ነጭ ነው። ይሄኛው ግን ከዳር እስከ ዳር በቀለም ይታተማል ተባልኩ። 16 ገጽ። ከመጽሐፍ በፊት እንጀራዬ የፊደል ገበታ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደሠራሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አ ላይ አንበሳ፣ በ ላይ በሬ፣ ጰ ላይ ሁልጊዜ ጳጳስ። ለጰ ከጳጳስ ሌላ ምን ይሣላል? ጳጉሜ አይሣል። እና ከስንት ጳጳስ በኋላ 16 ገጽ ባለ ቀለም ሲሰጡኝ እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ እመኑኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በመሐሉ በስቴፕል የሚሰፋ መጽሐፍ ላይ ሳይቆረጥ ከግራ ቀኝ የሚዘረጋ አንድ ወረቀት የሚገኘው መካከሉ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ገጾች ጎን ለጎን ሲሆኑ የየራሳቸው ወረቀት ናቸው፤ ማሽኑ ትንሽ ካንሸራተተ የግራው ተራራ ከቀኙ ተራራ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ትልቁን ሥዕልህን መሐል ታስቀምጣለህ። ስቴፕሉ የሚያርፍበት ላይ ደግሞ ፊት አታደርግም። እኔ አንዴ አህያ አድርጌ ሆዷን በሁለት ሽቦ ወግተውብኛል።

የኔ መካከለኛ ሥዕል ማታ ነው። በግራ አንዲት ጎጆ፣ በቀኝ ጅቡ ቆሞ ያያታል፣ በመካከላቸው ባዶ ሰማያዊ ጨለማ። ጅቡ ላይ ብዙ ለፍቻለሁ። ጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ለዚህ ነው ወገቡ የተንሸራተተ የሚመስለው፤ ይሄን የማያውቅ ሠዓሊ ጅብ ሣልኩ ብሎ ውሻ ይሥላል። ደግሞ በጎኑ ነው ያቆምኩት፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ። ይሄ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ነው፤ ጻድቁ ፊት ለፊት ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ያያችኋል፣ ክፉው በጎን ነው። እኔ ሥዕል ማየት የጀመርኩት እዚያ ነው፣ የአያቴን ነጠላ ይዤ ቆሜ። በየሱቁ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን የተሣለውን አይታችኋል አይደል? ከእሱ የተሻለ ሥዕላዊ መጽሐፍ አላውቅም፤ ማንበብ የማይችል ሰው ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ይተርክላችኋል።

እና ጅቡ ልክ ነበር። ጎጆዋ ላይ ግን ጭስ ማውጫ ሠራሁ።

አዎ፣ የሣር ጎጆ ላይ ጭስ ማውጫ። ከጡብ። ከየት አመጣሁት? በደርግ ጊዜ ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው የሚመጡ የልጆች መጻሕፍት ነበሩ፤ ዋጋቸው እዚህ ግባ የማይባል፣ ወረቀታቸው ወፍራም፣ ሥዕላቸው እጅ የሚያስቆረጥም። የቀበሮ ፀጉር እንዴት እንደሚሠራ የተማርኩት ከእነሱ ነው። በረዶ በዓይኔ ሳላይ በረዶ መሣል እችል ነበር። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ቤት ማለት ጭስ ማውጫ ያለው ነው፤ ስለዚህ እጄ ቤት ሲባል ጭስ ማውጫ ይሠራል። እኔ ግን የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ እንዲያ ያለ የሣር ቤት ውስጥ ነው። ያደግኩበት ቤት እኮ ነው! ዓይኔ በጭስ ሲያለቅስ ያደግኩበት። ለጅቡ እግር ያን ያህል ስጨነቅ ቤቱን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብዬ አላሰብኩትም። የማውቀው መስሎኝ።

ማስረከቢያው አምስት ቀን ቀርቶታል። መካከለኛውን ጨርሼ ጠረጴዛው ላይ እንዲደርቅ ትቼ ስልክ ልደውል ሱቅ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ስልክ አልነበረንም። ወረፋ ነበር፣ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዐረብ አገር ላለች ልጇ ነው የምታወራው፣ አልጨርስ አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ።

ስመለስ ልጄ ወንበር ላይ ተንበርክካ በደረቷ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ስድስት ዓመቷ ነው። በእጇ ሰማያዊ ቢክ። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታለች። ጎጆው ላይ ከሣሩ ሁሉ፣ ከጫፉም ከጎኑም፣ ከየክዳኑ ስንጥቅ ትንንሽ ጥምዝምዝ መስመሮች ታወጣለች። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል። ምናልባት 50 ይሆናሉ። ጭስ ማውጫው ላይ ምንም አላደረገችም፤ ምን እንደሆነ አላወቀችውም መሰለኝ።

እጇን መታኋት። ቢኩ በረረና አልጋ ሥር ገባ።

"ቤቱን አቃጠልሽው!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቷል።

አላለቀሰችም መጀመሪያ። ሥዕሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "አልተቃጠለም" አለች። "እምዬ ወጥ እየሠራች ነው።"

እምዬ የምትላት እናቴን ነው። በፋሲካ አያቷ ጋ ወስደናት ነበር። የሣር ቤት ማታ እራት ሲሠራበት ከውጭ ሆናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭሱ በአንድ ቦታ አይወጣም። ሣሩን ሰርስሮ በሁሉም በኩል ይተናል፣ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ልጄ ያየችውን ነው የሣለችው። በትክክል።

ያን ሰዓት ይሄ ሁሉ አልገባኝም። የገባኝ አምስት ቀን እንደቀረኝና ያ ወረቀት የመጨረሻዬ ጥሩ ወረቀት መሆኑ ነው። ሥዕሉን አራት ቦታ ቀደድኩት፣ እሷ ፊት። ሌላ ወረቀት ተበድሬ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ እንደገና ሠራሁት፤ እንደ ቀድሞው፣ ከነጭስ ማውጫው። ዝናብ ነበር፣ ስለማይደርቅልኝ ከሰል አቀጣጠልኩ። ከሰሉን ያቀጣጠልኩት በዚያ በተቀደደው ነው።

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለ ማንኛውንም ነገር "አባዬ፣ ይሄን ልንካው?" ትለኝ ነበር። ማንኪያም ቢሆን። ደብተሯ ላይ የሚስቁት አንበሶች ቀስ በቀስ ቀሩ። እርግጥ ልጆች ዘጠኝ ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ መሣል ያቆማሉ፣ የኔ ጥፋት ብቻ ነው አልልም። ግን እሷ ያቆመችው በስድስት ዓመቷ ነው።

መጽሐፉ ታተመ። አንድም ሰው ስለ ጭስ ማውጫው አልጠየቀኝም፤ ያሳተመኝም፣ ያተመውም፣ የገዛውም። ቀለሙ ትንሽ ተንሸራቶ የአሮጊቷ ከንፈር ጉንጯ ላይ አርፎ ነበርና እኔም ስበሳጭ የነበረው በእሱ ነው። ለጥምቀት አገር ቤት ስንሄድ ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ገጹን በእርጥብ ጣት እየገለጠች ዝም ብላ አየችው። መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?"

"አለ፤ አሮጊቷ ውስጥ ናት።"

"መሽቷል አይደል? ታዲያ ጭሱ የታለ? እራት አትበላም?"

ጭስ ማውጫውን በጣቴ አሳየኋት።

"ማውጫውንስ አየሁት" አለች። "ጭሱ የታለ ነው የምልህ።"

ልጄ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም፣ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች። ሠላሳ ዓመት ሲሆነው ያንን አስተያየቷን መሣል አልቻልኩም። ሞክሬዋለሁ።

አሁን ስለ እናንተ ትንሽ ላማ። ውል ተፈራረሙ፣ ቀብድ ተቀበሉ፣ ጀርባችሁን አቅኑ፤ ይሄን ማንም ይነግራችኋል። "ስታይሌን እንዴት ላግኝ?" የምትሉኝ ግን ታደክሙኛላችሁ። ስታይል የጠፋ በግ ነው እንዴ የሚፈለገው? ደግሞ አሁን የመጣ ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩን "የኢትዮጵያ ቡና ሲፈላ ሣልልኝ" ብለው ያዙታል። ያን ቀን አንዱ ልጅ አሳየኝ። ሴትዮዋ ቆንጆ፣ ቀሚሱ ጥበብ መሳይ፣ ጀበናው ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ረከቦት የለም። ሲኒው እጀታ አለው። "ጀበና እቤታችሁ የለም?" አልኩት። "አለ" አለኝ። "ታዲያ ተነስተህ አታየውም?" ብዬ ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። ጭስ ማውጫው ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። እኔም ያኔ ከሞስኮ ነው ያዘዝኩት። ልዩነቱ የኔ ኮምፒውተር ወረቀት ነበር።

ቢሆንም ተናድጃለሁ። ተነስተህ እይ፣ ጀበናው እቤትህ አለ።

ልጅ ያለበት ቤት መሥራት ትልቅ ዕድል ነው። የምትሥሉለትን ሰው አጠገባችሁ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሌላ ሥራ የለም። ልጅ ያልገባውን ሥዕል ያልፈዋል፣ የገባውን በጣቱ ይነካዋል፤ ከዚህ የበለጠ ሐያሲ አታገኙም። ይሄን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከሥራዎቼ ሁሉ የምወዳቸውን ሦስቱን የሠራሁት ባለቤቴና ልጄ አገር ቤት ሄደው ብቻዬን ስሆን ነው። ቤቱ ጭር ሲል፣ ሳልላጭ፣ ዳቦና ሻይ እየበላሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እንዴት እንደሚታረቁ አትጠይቁኝ።

ሰሞኑን እንቅልፍ ሲከለክለኝ ጊዜ ለልጄ ደወልኩላት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። እዚያ ጠዋት ነበር፣ መኪና ውስጥ ናት። ስለ ጎጆው ነገርኳት። ስለ ቢኩ፣ ስለ እጇ።

"አባዬ፣ የምን ጎጆ?" አለችኝ።

እንደገና ነገርኳት። ዝም አለች። የመኪናው አመልካች ቲክ ቲክ ይላል።

"እኔ የማስታውሰው ብሩሹን በአፍህ ስታሾለው ነው" አለች። "ምላስህ ሰማያዊ ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ የአባቴ ምላስ ሰማያዊ ነው እያልኩ አወራ ነበር።" ሳቀች። "ይሄን ሁሉ ዓመት ስለዚህ ስታስብ ነው የኖርከው?"

አይ፣ አልኳት፣ አሁን ትዝ አለኝ እንጂ። ይሄም ውሸት ነው።

እንግዲህ ረስታዋለች። ወይም ረሳሁ ማለት ይሻለዋል ብላ ነው፤ የእናቷ ልጅ ናት፣ ሰው እንዳይከፋው ብዙ ነገር ትውጣለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀለለኝ ማለት እፈልግ ነበር። ይልቅ ቅር አለኝ። በደሉን ተሸክሜ የኖርኩት እኔ ብቻ ከሆንኩ፣ ያን ሥዕል በዓይኑ የሚያስታውስ ሰውም እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። ወረቀቱ ከሰል ሆኗል። እናቴም የለችም።

ባለፈው ወር ደግሞ ያን ጎጆ እንደገና ሠራሁት፤ ለማንም አይደለም፣ አሳታሚ አልጠየቀኝም። ጭሱን በውሃ ቀለም ሞከርኩት፣ እምቢ አለኝ፣ ጉም መሰለ። ሱቅ ወርጄ ቢክ ገዛሁ። በቢክም የሷ ዓይነት አልወጣልኝም፤ የኔ መስመር ይቸኩላል።

እና አንቺ ከኋላ የተቀመጥሽው፣ በታብሌት ነው የምሠራው ብለሻል። እንግዲያ ከኔ ይሻልሻል። እኔ ብሆን ቢክ ደብቁ፣ እርሳስ ስጡ፣ እርሳስ በላጲስ ይለቃል ነበር የምለው። አንቺ ግን ሌየር የሚባል፣ አንዱን ሥዕል ሳይነካ ሌላ ከላዩ የሚነጠፍበት ነገር አለሽ። ልጅሽ መጥቶ ጭንሽ ላይ ሲወጣ ያንቺን ሌየር ቆልፊና ከላዩ አዲስ ክፈቺለት። ይሞነጫጭር። ያንቺ ሥራ አይነካም። ማታ ሲተኛ ታጠፊዋለሽ፣ ማስረከቢያ አለብሽ፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ከማጥፋትሽ በፊት አንድ ጊዜ አብሪውና እዪው፤ ጭሱን የት ጋ እንዳደረገው።